ያልታጠበው ፊልም

መኩሪያ ገሠሠ ጋዜጠኛ ሳለ የጻፈው ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመለስለት ነበር። ምስል ግን ማን ይሰርዘዋል ብሎ በ1975 ዓ.ም. ወደ ዘጋቢ ፊልም ክፍል ተዛወረ። የዋህ ነበር።

በ1977 ታኅሣሥ ለቡ ወርዶ የገበሬ ማኅበሩን የጤፍ ውቂያ በፊልም አነሳ። ሲመለሱ ከበበው የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ያ መንሽ የያዘው ጎረምሳ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። መኩሪያ አላስተዋልኩም አለ። አስተውሎታል እንጂ። ለታ ነው፤ መካኒሳ አቦ ቤቱ ድረስ ወተት የሚያመጡለት የወይዘሮ ገዲሴ ልጅ። እናቱ «ወለጋ ሄዷል» እያሉ ከውትድርና አፈሳ የደበቁት እሱ ነው። ከበበው ለወሬ ያህል ይጠይቅ ወይስ ለሌላ፣ በምን ይታወቃል? ያኔ ስታነጥስ «ይማርህ» ያለህን ሰው እንኳ ዞር ብለህ ታየው ነበር።

ፊልም የሚታጠበው ውጭ አገር ተልኮ ነው። ታጥቦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት የፖለቲካ ኃላፊዎቹ ናቸው፤ ምስሉን እያስቆሙ ይሄ ማነው፣ ያኛውስ ይላሉ። ጋዜጣ ላይ ቢሆን መኩሪያ ስሙን ቀይሮ ያልፍ ነበር። ፊት በምን ይቀየራል?

ወይዘሮ ገዲሴም ውቂያው ላይ ካሜራውን ካዩ ወዲህ ተለወጡ። አንተ ይሉት የነበሩት ሴትዮ «እርስዎ» ይሉት ጀመር፤ ወተቱንም ከደጅ አቀብለው እብስ ነው።

ፊልሙ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው መኩሪያ የፊልሙን ቆርቆሮ ቤቱ ይዞት መጣ። ጠዋት ሴትዮዋን ለምኖ ግቢ አስገባቸውና ፀሐይ ላይ ከፍቶ ጥቅሉን ዘረገፈው። እንጀራው ነው፤ አሻጥር ከተባለም አንገቱ ነው።

«ብርሃን በላው፤ ምስሉ ጠፍቷል። ከእንግዲህ ለታን ማንም አያየውም፤» አላቸው።

ወይዘሮ ገዲሴ አንዱን ጫፍ አንስተው ወደ ሰማይ ይዘው አዩት።

«የልጄ መልክ የታለ እዚህ ላይ?»

ሳይታጠብ መልክ እንደማይወጣ አስረዳቸው። ባስረዳቸው ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ባዶውን አሳይቶ ደህናውን ደብቆ እንዳስቀመጠ እርግጠኛ ሆኑና የወተት ቅላቸውን ይዘው ወጡ። በዚያው ቀን ለታን ወደ ሰበታ ዘመዶቻቸው ሰደዱት። ኬላው ላይ ታፈሰ።

መሥሪያ ቤት መኩሪያ ቆርቆሮው ወድቆ ተከፈተብኝ ብሎ ማለ። አመኑትም አላመኑትም ካሜራውን ቀምተው የስፖርት ዜና ጻፍ አሉት። ሰፈሩ ደግሞ ለታን ያስያዘው እሱ ነው አለ። ምን አሳይቶ ይከራከር?

በዓመቱ ወይዘሮ ገዲሴ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሊረግሙኝ ነው ብሎ በሩን ይዞ ቆመ።

«ልወቅስዎ አልመጣሁም፤» አሉት። «ለታ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ያን የደበቁትን ፊልም አንዴ ብቻ ያሳዩኝ።»