የእናቴ ሳፋ በበረዶ ቁልቁለት

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፉን ጨርሼ፣ ጉልበቴን እየለመንኩ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጣሪያው በበረዶ ይንጓጓ ጀመር። በረንዳው ላይ የተውኩት ሳፋ በረዶ ሲሞላ፣ ያ ቀዝቃዛ የእርጥብ አፈር ሽታም ሲገባ፣ እንደደከመኝ ወንበር ላይ ቀረሁ።

ልጅ ሳለን ጌጃ ሰፈር በረዶ ጥሎ ቤት የሚቀመጥ አልነበረም። ከደጃችን የሚወርደው ቁልቁለት ነጭ ሲለብስ፣ በጣሳ ሰብስበን በስኳር እየበላን፣ በካርቶን ላይ ተቀምጠን እየተንሸራተትን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ላባችን ይወርድ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ እንጃ እንጂ ያ ብርድ ጉልበት ይሰጠን ነበር።

እናቴ ያረፈች ዓመት ግን ጨዋታው ቀረ። አባባ አርባዋ ካለፈ በኋላም ጥቁሩን እንደለበሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ሥራውንም ምግቡንም እርግፍ አድርጎ ተወ። እኔና ታናሽ እህቴ እሱንም እንዳናጣው ፈርተን፣ መተንፈሱን ለማወቅ ጆሯችንን ወደ ጀርባው እናስጠጋ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በረዶው ሲያባራ እህቴ የእናታችንን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በበረዶ ሞልታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችና፣ «አባባ፣ እማዬ ብትኖር ስኳር ትነሰንስልን ነበር» አለችው።

አባባ ከአልጋው ተነሳና ሳፋውን ደጅ አውጥቶ በረዶውን ደፋው። ተቆጣ ብለን ስንሸማቀቅ፣ ያ ረጅም ሰውዬ እግሩን አጥፎ ሳፋው ውስጥ ተቀመጠና ቁልቁል ለቀቀው! የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ አጥር ባያስቆመው ልደታ ማርያም ይሳለም ነበር።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። «ኧረ አንተ ሰው፣ ነውር ነው! ሐዘን ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ እትዬ» አለ አባባ፣ እያለቀሰም እየሳቀም። «ግን ብርዱ ሲመታኝ፣ መተንፈሴ ገና አሁን ታወቀኝ።»

በማግስቱ ሥራ ገባ።

ያኔ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የዛሬ ዕድሜዬ ላይ ነበር። አባባ ካረፈ ቆየ፤ እህቴ ሐዋሳ ትዳር ይዛለች፤ ቁልቁለቱም ከነቤታችን ፈርሷል። ከታች ከግቢው የልጆች ጩኸት ሲሰማኝ ልወርድ ተነሳሁ፤ ደረጃው ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የበረንዳውን ሳፋ ጎትቼ ከሚሟሟው በረዶ አንድ እፍኝ ዘገንኩና ጨበጥኩት፤ ያ የድሮ ጉልበት እስኪመጣ ጠበቅኩ።

እጄን ቀዘቀዘኝ፤ ሌላ ምንም አልመጣም።