ወንድሙን ያሳሰረው አናጢ

አናጢው አምብሮዝ ፒከሪንግ ቨርጂኒያ ምድር ላይ መጀመሪያ የሠራው ቤት እስር ቤት ነበር። ምን ያድርግ? አዲሱን ሰፈር እንዲመሩ የተሾሙት ሰባቱ ሹማምንት ጠባቸውን ከእንግሊዝ በመርከብ ጭነው ነው የመጡት። የምሽጉ አጥር ሳይዘጋ አንዱ ሌላውን በክህደት ይከስ ጀመር። ብርዱ ሳይገባ ስድስቱ ተራ በተራ ታስረው፣ ውጭ የቀሩት ማስተር ጀርቬዝ ብቻ ሆኑ። እሳቸውም ብቻቸውን ተሰብስበው፣ ብቻቸውን ተከራክረው፣ በሙሉ ድምፅ ይወስኑ ነበር።

ሰውን የፈጀው ግን ውሃው ነው። እነዚህ ብልሆች ምሽጋቸውን የተከሉት የባሕር ጨው በሚገባበት ወንዝ ዳር፣ ያውም በሰው የአደን መሬት ላይ ነው። ንጹሕ ምንጭ ያለው ጫካ ውስጥ ሲሆን፣ ባለመሬቶቹ የፓስፓሄግ ሰዎች ብቅ ያለውን በቀስት ይቀበሉታል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በቀን አንድ በርሜል ብቻ በጠመንጃ ታጅቦ ይመጣል። የሚጠጣውም በማዕረግ ነው፤ ሹማምንት፣ ጌቶች፣ ባለሙያዎች፣ በመጨረሻ የቀን ሠራተኞች። የታሰረ ሹም ደግሞ ከለንደን የሽረት ደብዳቤ እስኪመጣ ሹም ነውና፣ በርሜሉ መጀመሪያ እስር ቤት ይገባል።

የአምብሮዝ ታናሽ ወንድም ሂው የቀን ሠራተኛ ነበር። ለእሱ ጠብታም አይተርፈውም። አምብሮዝ ከራሱ ኩባያ ቢያካፍለውም አልበቃውም፤ የወንዙን ጨዋማ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ በንዳድ ተያዘ። አርባ ሰው የቀበረው በሽታ ነው። አምብሮዝ ማስተር ጀርቬዝ ዘንድ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ጉድጓድ ልቆፍር ይፍቀዱልኝ። ወንድሜ እየሞተብኝ ነው።»

«የሰባት ሹም ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ስድስቱን እርስዎ አሰሯቸው እኮ!»

«እስረኛ አይፈርምም።»

ለውሃው ሲሆን ሹም፣ ለፊርማው ሲሆን እስረኛ! ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። እንደተናደደ ሲመለስ በርሜሉ እስር ቤት ሲገባ አየ። ቆም አለና ወደ ወንድሙ በረረ።

«ተነስ፣ ላሳስርህ ነው!»

«ምን በደልኩህ?»

«ዝም በልና ባርኔጣህን አጥልቅ!»

ሹም ፊት ባርኔጣ አለማውለቅ ወንጀል ነው። ሂው መቆም ስላቃተው አዝሎ አቀረበው፤ ባርኔጣው እንዳይወድቅም አገጩ ሥር በገመድ አስሮለታል።

«ታሞ ነው?» አሉ ማስተር ጀርቬዝ።

«የለም ጌታዬ፣ ንቆዎት ነው።»

ታሰረ። ውስጥ ስድስቱ ሹማምንት ማን ቀድሞ ይጠጣ በሚል ጢም ለጢም ተያይዘዋል። ለባላጋራ ከመስጠት ብለው ኩባያውን ለአዲሱ እስረኛ አስያዙት። እነሱ ሲከራከሩ ሂው ጠጣ። በማግስቱም ተከራከሩ፤ በማግስቱም ጠጣ። በሳምንቱ በእግሩ ቆመ፤ አምብሮዝም በመስኮቱ አይቶት ሳይደበቅ አለቀሰ።

ወሬው ተዳረሰ። ባርኔጣ የሚያወልቅ ከምሽጉ ጠፋ፤ ጠመንጃ ያዢዎቹ ሳይቀሩ ታሰሩ። አምብሮዝ እስር ቤቱን ሁለቴ አስፍቶ በሦስተኛው ራሱም ገባ። ውሃ የሚያመጣ ሲጠፋ እስረኞቹ ወለሉን ይቆፍሩ ጀመር። ጉድጓድ ለመቆፈር የሰባት ሹም ፊርማ ያሻል፤ እስረኛ ማምለጫ ለመቆፈር ግን የማንንም ፊርማ አይጠይቅም። ጥቂት ክንድ እንደወረዱ ጨው የሌለው ውሃ ፈለቀ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኳ። ማስተር ጀርቬዝ ናቸው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«አንድ ኩባያ…» አሉ።

ሂው ኩባያውን እስከ አፉ ሞላው። ከዚያ መለስ አደረገው።

«ጌታዬ፣ በመጀመሪያ ባርኔጣዎን ያውልቁ።»