በነጠላ የጠለለ ቤንዚን

ብቸና ያሰሩን ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት የተቀበለኝ የጤፍ ብናኝ ነው፤ ሦስቴ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ የሴት ድምፅ «ይማርሽ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ፤ ብርዱን አታስገቢብን» አለኝ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አየኋቸው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ከሰሌናቸው ግማሹን ለቀቁልኝ።

እኔ የተያዝኩት ሞጣ፣ ከሱቄ ነው። በምርጫው ታዛቢ ሆኜ ነበር፤ ቆጠራው ላይ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አልፈርምም አልኩ። ወንጀሌ ይኸው ነው። የስምንት ወር ልጄን ለእህቴ አቅፌ ስሰጣት «እስከ ማታ እመለሳለሁ» ብያት ነበር።

እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸውም የሞጣ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ጋራዥ ነበራቸው፤ አንድ ቀን የባትሪ አሲድ ዓይናቸው ላይ ተፈናጥሮ ብርሃናቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ባል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ፣ ሚስት ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። ባልየው ካረፉ በኋላ ወጣቶች ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበው ፖለቲካ አወሩ ተባለና እሳቸው ታሰሩ።

«ምን እንዳወሩ ሰምተው ነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኧረ የት ሰምቼ! የእኔ ጆሮ ለሞተር ካልሆነ አይከፈትም።»

መዝገባችን ሞጣ ስለነበር ለቀጠሮ ከብቸና እዚያ ድረስ መሄድ ነበረብን። የምትወስደን ደግሞ ግቢው ውስጥ፣ ልክ ከመስኮታችን ሥር የምትቆም አንዲት አሮጌ የቤንዚን መኪና ነች። ክብ መብራት ያላት፣ ሰማያዊ ቀለሟ የተላጠ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አልነሳም አለች። በሁለተኛው ተነሣች፤ ግን ከከተማው ወጣ እንዳልን ሜዳ ላይ ቀጥ አለች። እስረኛውም ፖሊሱም አንድ ላይ ገፍተን መለስናት፤ ግቢ ደርሳ ካረፈች በኋላ ግን ተነሣች። በሁለቱም ቀን አልቀረቡም ተብለን አሥራ አራት አሥራ አራት ቀን ተጨመረብን።

ሦስተኛው ቀጠሮ የዋለው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ለክረምት ይዘጋል። ተረኛ ችሎት አለ ይባላል፤ የእኔን ዋስትና የያዘው ዳኛ ግን የሚመለሰው በጥቅምት ነው። እስከ ጥቅምት ደግሞ ጡቴ ይደርቃል። እንዳይደርቅብኝ ጠዋትና ማታ እያለብኩ በቆርቆሮ እደፋው ነበር፤ ያን ሳምንት የቆርቆሮው ቂጥ እንኳ አልሸፈን አለ። እትዬ ቆርቆሮውን ያያሉ።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሦስት ሰው ስም ተጠራ፤ የእኔና የሁለት ወንዶች። የእሳቸው አልነበረም። ወጥተን ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ሳጅኑ፣ ማለት ሾፌሩ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ኽርር፣ ኽርር፣ ኽርር። ደጋግሞ ቤንዚን ረገጠ። ኽርር። የቤንዚን ሽታ ግቢውን ሞላው። ሁለት ሰው አስገፋ፤ ጥቁር ጭስ ተፋችና ዝም አለች። የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ሞጣ ለስምንት ሰዓት ለመድረስ ከአራት ሰዓት በፊት መውጣት አለብን።

«ቤንዚን አልደርስ ብሏታል» አለ ሳጅኑ። ጀሪካን አንሥቶ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ አፍ ላይ ሊጨምር ሲል ከመስኮቱ ወንፊት ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ተው! ተው አንተ! አንቀህ ልትገድላት ነው?»

ሁላችንም ዞርን።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የሽሮ ድስት አይደለም» አለ ሳጅኑ።

«የሽሮ ድስትማ ቢሆን ይሄኔ ገንፍሎ እግርህን ልጦሃል። ቤንዚን አላነሳትም፤ በዝቶባታል። ጎንበስ በልና እይ፣ እየተንጠባጠበ ነው።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ሲቀና ፊቱ ተለውጧል። ኢንስፔክተሩ ለትንሽ ጊዜ ጥርሱን ሲፍቅ ቆየና «አውጧቸው» አለ።

እትዬ ወጡ። ፀሐዩ ዓይናቸውን ወጋው፤ በእጃቸው ከለሉ። መጀመሪያ ያሉት «ሲጋራ የያዘ ይራቅ» ነው። ቀጥለው ባትሪውን አስፈቱ፤ ካቻቢቴ ተቀብለው ነጠላቸውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አነጠፉና የካርቡራተሩን ክዳን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈቱ እንደ መቁጠሪያ ደረደሯቸው። ክዳኑ ሲነሣ ጎድጓዳው በቤንዚን እስከ አፉ ጢም ብሏል። ውስጡ የምትንሳፈፈውን ትንሽ የነሐስ ቆርቆሮ አውጥተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቋት።

«ደህና ነች። ተበስታ ቢሆን ውስጧ ይንቦጫቦጭ ነበር።»

ከዚያ አንዲት መርፌ አወጡ። ጎድጓዳው ሲሞላ ወደ ላይ ተገፍታ ቤንዚኑን የምትዘጋው እሷ ነች። ወደ ብርሃን አነሧት። ጫፏ ላይ ከሽፋሽፍት የቀጠነ ነጭ ክር ተጠምጥሟል።

«ሳጅን፣ ቤንዚኑን በምንድን ነው የምታጠልለው?»

ሳጅኑ ቀስ ብሎ «በነጠላ ቁራጭ። የጀሪካን ቤንዚን ዝገት አለው ብዬ» አለ።

«እንደ ጠላ?»

አንዱ ፖሊስ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። «ሐሳብህስ መልካም ነበር። ነጠላ ግን ክሩ ይረግፋል፤ ክሩ እዚች መርፌ ሥር ይገባና አትዘጋም። ስለማትዘጋ ይሞላል፤ ስለሚሞላ ትታነቃለች፤ አንተ ደግሞ ጨምረህ ታጠጣታለህ።»

መርፌዋን ጠረጉ፣ መቀመጫዋን በአፋቸው ነፉ፣ ገጠሙ። እሳት የሚያጭሩትን ካንዴላዎች አስፈትተው አንድ በአንድ አደረቁ፤ ጉድጓዶቹን ክፍት ተዉአቸው። ሳጅኑ ቶሎ ሊመልሳቸው እጁን ሲዘረጋ መቱት፤ ልክ እናት ከሌማት ላይ የሚቸኩል ልጇን እንደምትመታው።

«ቤንዚኑ ይተንፍስ። አቡነ ዘበሰማያት አሥር ጊዜ።»

«ምን?»

«ባለቤቴ ሰዓት አያዩም ነበራ። በጸሎት ነበር የሚለኩት። አሥር ጊዜ፤ ሳይቸኩሉ።»

ምን ልበላችሁ፤ ያ ግቢ እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። የእሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የእኔም። ቀና ስል የሳጅኑም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው።

ካንዴላው ተገጠመ፣ ባትሪው ታሰረ። «ቤንዚኑን አንዴ እስከ ታች ረግጠህ ያዝ፤ አትነካካው። አዙር።» ኽርር አለች፤ አስነጠሳት፤ የጥቁር ጭስ ክምር ተፋች፤ ከዚያ ያዘች! እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ መዳፋቸውን ክንፏ ላይ አሳረፉና በሌላው እጃቸው አንዲት ብሎን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አዞሩ። የሚያስለው ድምፅ እየጠራ፣ እየጠራ ሄዶ እንደ ንብ ቀፎ አንድ ወጥ ሆነ። ወንዶቹ እስረኞች ከማዶ ክፍል መስኮት ላይ ተደራርበው ያያሉ። ቅዳሴ መሐል «ተንሥኡ» ሲባል የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ፤ ቆሜ ሳለሁ ሌላ መቆም አማረኝ።

«አሁን መንገድ ላይ የምትቆመው ቀረ» አሉ።

ሳጅኑ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«ይቺ ልጅ። ሜዳ ላይ ቆመች፣ አርፋ ደግሞ ተነሣች አለችኝ።» ወደ ኋላ ዞረው የቤንዚን ጋኑን ክዳን አዩ። ዝናብ እንዳይገባ በፌስታል ተጠቅልሎ በገመድ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ፈትተው ክዳኑን ሲያላሉት ጋኑ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ሁላችንም ሰማነው።

«አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም፤ ልጄ» አሉት። ፌስታሉን አጣጥፈው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኢንስፔክተሩ «በሉ ውጡ!» አለና ወደ እሳቸው ዞሮ «እርስዎ ይግቡ እንግዲህ። እጅዎን እዚያ ጨርቅ ላይ ይጥረጉት» አላቸው።

«ቤንዚን በጨርቅ አይለቅም» አሉ። «ውሃና ሳሙና።»

ሳጅኑ የውሃ ጀሪካንና ቁራጭ ሳሙና አምጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠ። እሳቸው ግን አላጎነበሱም። ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ቆሙ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያስታጥቡት እንጂ ራሱ ቀድቶ አይታጠብም። መኪናዋ እየሠራች ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ እሳቸው ቆመዋል።

ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። ጀሪካኑን አነሣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አፈሰሰላቸው።

ሳይቸኩሉ፣ ጣት በጣት ታጠቡ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው ያን ባለ ጢም ሳጅን ቀና ብለው አዩትና «እደግ» አሉት።

«አሜን» አለ።

ማንም ሳይመራቸው ወደ መጋዘኑ ተመልሰው ገቡ።

መኪናዋ የትም አልቆመችም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሞጣ ደረስን። ዳኛው በዋስ ለቀቀኝ። ልጄ መጀመሪያ ፊቷን ከእኔ አዙራ እህቴ አንገት ሥር ተወሸቀች። አልከፋኝም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ወደ አመሻሹ ላይ መጣች፤ ወተቱ ትንሽ ነበር፣ ግን ነበር።

እትዬ የተፈቱት በኅዳር ነው። ልጄን ታቅፌ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያን ጠዋት ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እትዬ?»

«ታዲያማ» አሉ መዳፋቸውን እያገላበጡ እያዩ፣ «እጄ ሥራ ናፍቆት ነበር።»

ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ልጄም እኔን በቁመት በልጣኛለች። ይህን መልሳቸውን ለስንቱ ሰው ነግሬዋለሁ፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያን ቆርቆሮ እንዴት ያዩት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አያስቀኝም።