የማትሸጥ ዶሮ

እናቴ አርብ ገበያ ይዛት የምትወጣ አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረቻት። ልትሸጣት ግን አልነበረም። የደም ግፊት ስላለባት በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒን መቀበል ነበረባት። መጀመሪያ «ራሴን ያመኛል፣ ልታይ» ብላ አባቴን ስታስፈቅደው፣ «ራስ ምታት ለሴት ምን ብርቅ ነው? ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» አላት። ሕክምናው በዚሁ ተጠናቀቀ።

ገበያ ግን ማንም አይከለክልም። በወር አንድ አርብ ዶሮዋን አቅፋ ትወጣለች። ገዢ ሲመጣ በሬ የሚገዛ ዋጋ ትጠራለች፤ ገዢው ተሳድቦ ይሄዳል፤ እሷም ተነስታ ወደ ጤና ጣቢያ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ሥር ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ የጌሾው እስር ተደርድሯል። ሴቱ ሁሉ ይለፍ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። የእኛ አገር ሴት የምትታመመው አርብ አርብ ብቻ ነው።

አባቴ ማክሰኞም ይታመማል። ወገቡን የያዘው ዕለት በቅሎ ተጭና፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ግራና ቀኝ ተደግፎ ነው የሄደው። ሲመለስም ሰዉ «እግዜር ይማርህ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ዋለ።

የዶሮዋ ነገር ከነከነው። «ይቺ ዶሮ ሁሌ የምትመለሰው ምን ሆና ነው? አንቺ መሸጥ አትችይበትም» አለና ራሱ ይዟት ወጣ። ቅበላ ስለነበር፣ እውነት ለመናገር፣ በደህና ዋጋ ሸጣት። «በቃ፣ ከመንከራተት ገላገልኩሽ። ከእንግዲህ የሚሸጥ ካለ እኔ አለሁ» አላት።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው።

ክኒኑ ሲያልቅ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ለአባቴ ልንገረው ስላት፣ «እስከ ዛሬ የት ስትውይ ነበር ቢለኝስ? ፋሲካ ሲደርስ ለቅመም እወጣለሁ፤ ቅመም መቼም ወንድ አይገዛም» አለችኝ። ጾሙ ገና መያዙ ነበር።

ሳይጋመስ ጓሮ ወደቀች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ በቃሬዛ ወሰዷት። አባቴ ለሐኪሙ «አሞኛል ብላኝ አታውቅም» ሲለው አጠገቡ ቆሜያለሁ። ተናደድኩ፤ ዛሬም እናደዳለሁ።

አሁን በየቀጠሮዋ በቅሎ ጭኖ ራሱ ይወስዳታል። አገሩ ሁሉ «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?» ይላል። ዶሮ መያዝ አያስፈልጋትም። ቢያስፈልጋትም ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም።