ባቡሩ እስኪያልፍ

ኡሙሀኒ ሻይ ላይ ጨው መጨመር የጀመረችው በ1980 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የወሎ ሰው ናት። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ባሏን ቀብራ፣ በስተርጅና የወለደችውን ጀማሉዲንን እጁን ይዛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወረደች፤ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ሻይ ቤት ከፍታ በዚያው አረጀች።

"እማማ፣ ዛሬ ሻዩን ለግመል ነው ያፈሉት?" አለ አንዱ የጣቢያ ሠራተኛ።

ሁሉም ሳቁ። ያልሳቀው የአሰብ መስመር ሾፌሩ ይልቃል ብቻ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ የሄደው ጀማሉዲን ሰሜን ላይ መሞቱን ከአንድ ቁስለኛ ሰምቶ የነገራት እሱ ነው። "ለማንም እንዳይተነፍሱ" ብሏታል። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ደብዳቤ ሳይመጣ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የጠላት ወሬ እንደነዛ ይቆጠራል ብሎ በስብሰባ አስጠንቅቆ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ለማንም መጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ አላለቀሰችም፤ ሰደቃም አላወጣችም። እንቅልፏ ጠፋ። ደረቷ ላይ ወፍጮ የተጫነባት ይመስላት ጀመር። ጎረቤቷ ሰኢዳ "ጂን ነው" ብላ ቁርአን አስቀራችላት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር "እርጅና ነው" ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጣት፤ ክኒኑ አልሠራ ሲል ንጋትወርቅን ላከባት። ንጋትወርቅ ሐሙስ ሐሙስ ከናዝሬት እየመጣች ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የምትጎበኝ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት።

"ከቀበሌ ነሽ?" አለች ኡሙሀኒ።

"አይደለሁም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ? መርፌ?"

"ምንም። ላጫውትዎት ነው።"

"ናዝሬት ሰው አልቆ ነው እዚህ በረሃ ጨዋታ ፍለጋ የወረድሽው?"

ንጋትወርቅ ሳቀች። እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር። ሦስት ሐሙስ እንዲሁ አጠበች። በአራተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋው ባቡር ቤቱን እያንቀጠቀጠ ሲመጣ ኡሙሀኒ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ "ልጄ ሞቷል" አለቻት።

ንጋትወርቅ ተነሥታ በሩን ዘጋች። "አሁን ያልቅሱ፣ እማማ። ባቡሩ እስኪያልፍ ማንም አይሰማም።"

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በሩ ይዘጋል። ኡሙሀኒ ባቡሩ እስኪያልፍ ትጮኻለች፤ ሲያልፍ ዝም ትላለች፤ ቀጥላም ስለ ልጇ ታወራለች። እንቅልፍ መለስ አለላት። ሻዩም ስኳር ስኳር አለ።

በመስከረም ንጋትወርቅ ቀረች። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ፣ "ተዛውራለች። ምትክ የለም" አለ።

የዚያን ሐሙስ ኡሙሀኒ ብቻዋን በሩን ዘጋች። ባቡሩ መጣ፤ ጮኸች። ባቡሩ አለፈ። የሷ ድምፅ ግን አልቆመም። ደጅ የተቀመጡት ሻይ ጠጪዎች የጀማሉዲንን ስም ሰሙ። አንዳንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ። ሰኢዳ "ኢናሊላሂ" እያለች ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ማነው የሞተው? ደብዳቤው የታለ?"

"ልጄ ነው" አለች ኡሙሀኒ፣ ባቡር በሌለበት።

ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ሻይ ቤቱ ታሸገ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰኢዳ ከታሸገው በር ፊት ምንጣፍ ዘርግታ ተቀመጠች። ጥበቃው መጥቶ ምን እንደምትሠራ ቢጠይቃት፣ በዚያ የአዋሽ ሐሩር ቀና ብላ አይታው፣

"ፀሐይ እየሞቅኩ ነው" አለችው።