ጋቢ የረሱ ባልና ሚስት

ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቀድሞ የሚገባ ሰው እኛ አገር ገና አልተወለደም። መናኸሪያ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባዶ መኪና ማለት እስኪሞላ ድረስ በፀሐይ መጠበስ ማለት ነው። ስለዚህ ብልጡ ሁሉ ውጭ ይቆማል። ሙዙን እየላጠ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ሁለት ወንበር እስኪቀር ይጠብቃል። ሁሉም ብልጥ ከሆነ ደግሞ መኪናው ዓመት ቢቆም አይሞላም። እኔ እንጀራ የበላሁት በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሥራዬ መቀመጥ ነበር። መቀሌ መናኸሪያ ውስጥ መንገደኛ መስዬ ባዶ መኪና ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው እኔንና መሰሎቼን አይቶ «ሊሞላ ነው» ብሎ ይገባል፤ ሲሞላ እኔ እወርድና ወደሚቀጥለው ባዶ መኪና እሄዳለሁ። አሟሟቂ ይሉናል። ያልተሳፈርኩበት መስመር የለም፤ የደረስኩበት ከተማ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ደግ አያደርገውም፤ እኔንም አላደረገኝም። ሚስቴ ጥላኝ ስትሄድ «መልካም መንገድ» ከማለት በቀር የምላት አጣሁ። እሷ እንኳ የሆነ ቦታ ደርሳለች።

ታዲያ ከከተማው በስተሰሜን ወጣ ብሎ፣ በውቅሮ መንገድ በኩል፣ ኮረብታው ላይ ትልቅ መዝናኛ ተከፈተ። ሆቴል አለው፣ መዋኛ አለው፣ ሰው ጭኖ ወደ ሰማይ የሚሽከረከር መንኮራኩር አለው፣ እርስ በርስ የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች አሉት። ሰው ከፍሎ ይጋጫል፤ ምን አገባኝ። ወደ ላይ ግን መኪናም ባጃጅም አይወጣም። እንግዳው ሁሉ አስፋልቱ ዳር ይወርድና ከዚያ በመዝናኛው አውቶቡስ በነፃ ወደ በሩ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «አውቶቡሱ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሣል» ብሎ ትልቅ ሰሌዳ ላይ አስጻፈ።

ማን ይመነው!

እሁድ ሰው ልጆቹን አልብሶ፣ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አባት አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል፤ ባዶ ነው። «ገና ነው» ይልና ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ሰዓቱ ሲደርስ ሹፌሩ በሩን ዘግቶ ባዶውን ይወጣል። ያኔ ጩኸት ነው። «ጥሎን ሄደ! ባዶውን ሄደ! ሰውዬው አብዷል እንዴ?» ሌላው አውቶቡስ ይመጣል፤ እሱም ባዶ ነው፤ «ይኼማ ጨርሶ አልተነካም» ብለው ይመለሳሉ። አንዲት ወይዘሮ አውቶቡሱን ተደግፈው ቆመው «ምነው፣ ይኼ ቦታ አውቶቡስ የለውም እንዴ?» ሲሉ ሹፌሩ በጆሮው ሰምቷል።

ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ተምሮ ቢመጣም የከተማው ልጅ ነውና ነገሩ ቶሎ ገባው። አንድ ቀን መናኸሪያ መጥቶ፣ እኔ የተቀመጥኩበት የአዲግራት መኪና ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኣያ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ» አለኝ። «ተማሪ ሳለሁ ስንቴ ሸውደውኛል።»

«ማን ግባ አለህ?» አልኩት።

ሳቀ። እሁድና በበዓል ቀን እዚያ አውቶቡስ ላይ እንድቀመጥለት ጠየቀኝ። «ግን ብቻዎን አይሆንም። ወደ መዝናኛ ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ ሰው ያስፈራል። ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

«ባለቤት የለኝም።»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

ተውኩለት። በሚቀጥለው እሁድ አስፋልቱ ዳር ስደርስ አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። ቀዳማይ ወያነ ገበያው አፍ ላይ ቆሎ የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ለምላሷ ልጓም የሌላት ሴት ነች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ይኼ ነው? ሌላ የለም?»

በዚያው ቀን ውል አበጀች። አውቶቡስ ውስጥ ሚስቴ ስለሆነች «አንተ» ትለኛለች፤ መሬት ስንረግጥ ግን «እርስዎ» ነኝ። መስኮቱ በኩል የምትቀመጠው እሷ ነች። ምሳ የያዝን እንዲመስል ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀጠቀ ዘንቢል ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ ወዲህ ነውና ያገኘሁትን ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። ምሳዬን እያወጣሁ ማንበብ ጀመርኩ።

«ከንፈርህን አታንቀሳቅስ» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ጸሎት የምታደርስ መስሏቸው ፈሩ። አውቶቡሱ ፍሬን የለውም ይላሉ።»

የኛ መቀመጥ ግን ሠራ። ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው «በል ግባ፣ እየሞላ ነው» ይላል፤ እነዚያን አይቶ ሌላው ይገባል። ሊሞላ ሁለት ሦስት ሰው ሲቀር ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ ያ ለኛ ምልክት ነው። እኔ ብድግ ብዬ «ወራጅ አለ! ጋቢዬን ረሳሁ!» እላለሁ። እሷ እየተራገመች ትከተለኛለች። «ጋቢውን! አንገቱ ላይ ባይሰፋለት ኖሮ ጭንቅላቱንም ይረሳ ነበር!» አውቶቡሱ ሙሉ ሳቅ ይሸኘናል። መሬት ስንረግጥ ነጠላዋን አስተካክላ «ደክሞዎት እንደሁ እዚያ ጥላው ጋ ይረፉ» ትለኛለች፤ እንደማታውቀኝ ሰው።

ወንበራችንን የሚወስድ አንድ ሪዛም ሰውዬ ነበር። እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ፣ ሆዱ ከልጆቹ ቀድሞ የሚገባ። ጋቢ ስረሳ ሁለት ሦስቴ አይቶኝ ነገሩን ሳይጠይቅ ተረዳው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን እጥፍጥፍ አድርጎ አስቀምጦ፣ እሱ እኛ አጠገብ እንደ ጉልላት ይቆማል።

«ኣቦይ፣ እንዴት ነው፣ ዛሬ ትንሽ አልበረደም?» ይለኛል፤ ጋቢዬን እንዳስታውስ።

አንድ የበዓል ቀን ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ከፊታችን ተቀመጡ። ልጅቱ ዞር ብላ ጭቅጭቃችንን ስትሰማ ቆየችና አፏን ሸፍና ሳቀች። «ኣደይ፣ እንደምን ነው እንዲህ ተቻችላችሁ የኖራችሁት?»

ሴትዮዋ ወዲያው ኑሮ ፈጠረች። ወሬ ስትፈጥር እንደሷ ያለ የለም። እንዴት ተከትዬ እንደለመንኳት፣ አባቷ እንዴት ውሻ እንደለቀቀብኝ፣ ሰርጋችን ላይ እንዴት ሰክሬ እንደተኛሁ። ተጋቢዎቹ ይንከተከታሉ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግን» አለች፣ «ዓይደር ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለም። ወንበር አልነበረም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሂድ ቢሉት አይሄድም። ሰው የሚያውቀው ያኔ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቱ የባሏን ክንድ ያዘች። ክላክሱ ጮኸ፤ ጋቢዬን ረሳሁ፤ ወረድን።

እኔ ግን ተናደድኩ። መሬት ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ሟቹ ባሏ ከሆነ ደግ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ ሞቶም ያናድደኛል። የሚቀጥለው አውቶቡስ ላይ እንደተቀመጥን ጠየቅኋት።

«ማንም» አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። «ሟቹ በር ላይ መጥቶ ሽታው አስጠላኝ ብሎ ተመለሰ። ለዚህ ነው የፈጠርኩት። የነበረኝን ማ ይፈጥራል?»

የዚያን ቀን ወደድኳት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ እዚያው ነገርኳት። «እንግዲህ እውነቱን እናድርገው። እንጋባ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «አንተ» አለችኝ፣ «ሥራህ መውረድ ነው። ሊሞላ ሲል ትወርዳለህ፤ ዕድሜህን ሙሉ ወርደሃል። የሚወርድ ባል ነበረኝ፤ ይበቃኛል።»

«አንቺስ አትወርጂም?»

«እኔ የምወርደው አንተን ተከትዬ ነው፣ ደደብ!»

ክላክሱ ጮኸ። ምን ላድርግ? ወረድኩ።

ከሳምንታት በኋላ ዓይኗን ዓይደር ሊያዩላት ቀጠሮ እንዳላት ከሹፌሩ ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ሄጄ ከበሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ያዝኩ። ወንበር መያዝ እችላለሁ፤ ሌላ የምችለው የለም። ተራ የሚያስጠብቁት ቢመጡ፣ ዘበኛው ቢገላምጠኝ፣ አንዲት አሮጊት «ጠጋ በል» ብለው በክርናቸው ቢደቁሱኝ አልተነሣሁም። እሷ ስትመጣ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«እርስዎ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ቦታ ይዤልሽ።»

ተቀመጠች። እኔ ቆምኩ፤ መቆም ሲሰለቸኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ ወጥታ «ባለቤትዎ ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው» አለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ለውሸቱ ባል ነኝ፤ ለእውነቱ የሥራ ባልደረባ። እየተቃጠልኩ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ እዚያው መሬት ላይ ቆየሁ። ስትወጣ ዓይኗ ታሽጎ ነበር፤ ክንዴን ያዘችና እስከ ባጃጁ ሄድን። እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ መሀል የከተማው ሰው ክፉ ነገር ተማረ፤ ሰሌዳውን ማመን ጀመረ። መጀመሪያ ልጆች ናቸው ባዶው አውቶቡስ ውስጥ እየሮጡ የገቡት፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስወርዱ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፣ ሄዱ። ወሬው ተሰማ። አንድ እሁድ እኛ ስንደርስ አውቶቡሱ ያለኛ ግማሽ ሞልቶ አገኘነው። እንዲህ ያለ ንቀት ደርሶብኝ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት እጃችንን ጨብጦ «ከሚመጣው እሁድ በኋላ እንዳትደክሙ» አለን።

እሁድ ከሌለ እሷም የለችም። ቆሎ ልግዛ ብዬ በየቀኑ ገበያ ብሄድ ጥርስ የለኝም፤ ታውቃለች።

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ዘንቢሌን ታቅፌ ተቀመጥን። ጋዜጣውን ግን አላነበብኩም። ሰው ይጎርፋል። ሪዛሙም መጣ፤ ልጆቹን አስቀምጦ አጠገባችን ቆመ፤ እጁን ወንበራችን ጀርባ ላይ አሳረፈ፣ የራሱ ንብረት ይመስል።

«ኣቦይ፣ ዛሬስ ይበርዳል» አለኝ።

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ወራጅ አለ?» ብሎ ወደኛ አየ። ለመነሣት ጉልበቴን ያዝኩ፤ ልማድ ነው፣ እግሬ ከኔ ቀድሞ ይነሣል። ከዚያ የነገረችኝ ትዝ አለኝና መሀል ላይ ቀረሁ፤ መቀመጥም መቆምም ያልሆነ ነገር። ወደሷ አየሁ። እሷ ወደ ውጭ ታያለች። መልሼ ተቀመጥኩ።

«ጋቢው ኣቦይ!» አለ ሪዛሙ። «ጋቢው!»

ያኔ ዞረች። «ዛሬ ምንም አልረሳንም» አለችው። «አንተ ግን ሆድህን ከፊቴ ዞር ብታደርገው፣ ባሌ አይታየኝም።»

አውቶቡሱ ተነሣ። ሪዛሙ ዳገቱን ሙሉ በየኩርባው እየተንገላታ «እንዲህም አለ! ሰው ቃሉን አይጠብቅም!» ሲል ወጣ። ያን መንገድ ስወጣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበርና ወደ ውጭ ማየት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት እሱን ነው። ከሱ የሚያምር ነገር ኮረብታው ላይ አልነበረም።

በሩ ላይ ትኬት ጠየቁን። ትኬት! ያንን ሁሉ ሰው ወደ መዝናኛው ስንሰድድ ለራሳችን ትኬት መቁረጥ የሚባል ነገር በሐሳባችን አልመጣም። ሴትዮዋ ከትኬት ተቀባዩ ጋር አንድ ዙር ተሰዳደበች። መንኮራኩሩን ከአጥር ውጭ ሆነን ትንሽ አየነው፤ ሰው ጭኖ ይወጣል፣ እዚያው መልሶ ያወርዳል።

«አንተ፣ ይኼ ነው?» አለችኝ። «ሌላ የለም?»

መሬት ላይ ቆመን ነበር። እርስዎ አላለችኝም።

ባዶው አውቶቡስ ላይ ቀድመን ገብተን ተቀመጥን፤ ማንም ሳይከፍለን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጠየቀችኝ።

«ቤትህ ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ።»

«መስኮት አለው?»

«አንድ።»

«በመስኮቱ በኩል የምተኛው እኔ ነኝ።»

ታች አስፋልቱ ዳር አሁንም ያላመኑ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያዩ እየተጋፉ ወደ በሩ መጡ። ረዳቱ እኛን አይቶ፣ መንገዱን ለመክፈት ሰዉን በእጁ ገታ አደረገ።

«ወራጅ አለ?»

እሷ ወደኔ ዞራ ትጠብቃለች።

«የለም» አልኩ።