ሦስተኛው መስኮት ለምን ዘገየ

ሪፖርቱን የምጽፈው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነበር። መጀመሪያ እርሳሶቼን እቀርጻለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ወሩን ሙሉ ሲያትመው የከረመውን መዝገብ ወለሉ ላይ እዘረጋለሁ። ወረቀቱ አንዱ መስመር ነጭ፣ አንዱ ቀላል አረንጓዴ፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ የተበሳሳ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆችን ቀንና ሰዓት ብቻ ስለነበር የእኛ ወር የሚያልቅበትን ቦታ ፈልጌ በቀይ እርሳስ አሰምርበታለሁ፤ ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር እመልሳለሁ። በዚህ የተሳሳትኩበት ወር የለም። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ጣሪያቸው ሲያፈስ፣ ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ የጥገና ማመልከቻ የሚያስገቡበት ቦታ ነው። ምድር ቤት ባለው አዳራሽ አምስት መስኮቶች አሉ፤ በየመስኮቱ ቴሌቪዥን የሚመስል አንድ አንድ ተርሚናል ተቀምጧል። ትልቁ ኮምፒውተር ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑን ከሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች ጋር በሰዓት ስለምንካፈለው፣ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራበትና እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል እንደፈጀ በየወሩ ለበላይ መቅረብ ነበረበት።

እኔ የገባሁት ወረቀት አቅራቢ ሆኜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጡት መመሪያ መጻሕፍት ማንም ሳይነካቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ስላየሁ በምሳ ሰዓት አንድ አንድ እያወጣሁ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አስቀምጬ አነብ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ሪፖርቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

ሁለት ሰንጠረዥ ነበር የሚፈለገው። ሦስተኛውን የጨመርኩት በራሴ ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የመስኮቱን ቁጥርና መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ሰከንድ ይጽፋል፤ ይህን የመሰለ ነገር ሳይሠራበት መቅረቱ አሳዘነኝ። ስለዚህ ለአምስቱ መስኮቶች በወሩ ስንት ጥያቄ እንዳስተናገዱና አንዱ ጥያቄ በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ አወጣሁ። ለሰከንዶቹ ዓምድ “የመስኮቱ ፍጥነት” የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ርዕሱን በቻይና ቀለም፣ በማስመሪያ፣ ጥንቅቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

የክፍሉ ኃላፊ ሰንጠረዡን ሲያዩ ደስ አላቸው። ወዲያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በወሩ ስብሰባ ላይም ተነበበና የአንደኛው መስኮት ልጅ ኮከብ ሠራተኛ ተባለ፤ ፎቶውም ሰሌዳው ላይ ወጣ። የውቤ በረሃ ልጅ ነው፤ ጣቱም አፉም ፈጣን። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ወር እሱ ነበር ኮከቡ። የእሱ ጥያቄዎች ከሁሉ ይበዛሉ፤ ሰከንዶቹም ከሁሉ ያንሳሉ። ሦስተኛው መስኮት ደግሞ በሦስቱም ወር መጨረሻ ነበር፣ በሰፊ ልዩነት።

በሐምሌ አንድ ቀን ደረጃ ስወርድ የሦስተኛው መስኮት ሴትዮ ሲወጡ ተገናኘን። እናቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

“አንተ ነህ የኔን ሰከንድ የምትቆጥረው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ጎሽ። እጅህስ ጥሩ ነው፤ መስመርህ እንደ ክር የተወጠረ ነው።” የደረጃውን መደገፊያ ያዝ አደረጉ። “ክፍለ ሀገር ሊልኩኝ ነው። ሰምተሃል?”

አልሰማሁም ነበር። “በምን ምክንያት?”

“በወረቀትህ ነዋ! ሥራ ታጓትታለች ተባልኩ። የዚህ ወር ሪፖርትህ ሲመጣ ደብዳቤው ይጻፋል። የልጆቼ አባት ሰሜን ግንባር ነው፤ እኔም ከሄድኩ ሁለቱን ለማን ልስጣቸው? ለጎረቤት?”

“አዝናለሁ፣ እትዬ።”

“አትዘንልኝ፤ ኀዘንህ ምን ያደርግልኛል? ግን ፎቅ ላይ ሆነህ አትቁጠረኝ። አንድ ቀን ውረድና ከኋላዬ ተቀምጠህ ቁጠረኝ።”

በማግስቱ ጠዋት አንዲት በርጩማ ይዤ ወረድኩና በአንደኛውና በሦስተኛው መስኮት መካከል፣ ከጀርባቸው ተቀመጥኩ። አዳራሹ እርጥብ ካፖርትና እርጥብ ነጠላ ይሸታል። ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ወጥቷል፤ ክረምት የሚያፈሱ ጣሪያዎች ሁሉ የሚመጡበት ወቅት ነው።

አንደኛው መስኮት ላይ አንድ ሽማግሌ ደረሱ። ከእሪ በከንቱ መምጣታቸውን ለሰልፉ ሁሉ ሲነግሩ ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ።

“የማመልከቻ ቁጥርዎ?” አላቸው ኮከቡ።

“ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ዝናብ በላው፣ ልጄ። ጣሪያው እኮ ነው የሚያፈሰው፤ ወረቀቱም ከሥሩ ነበር።”

“አባባ፣ ይሄ ማሽን ነው እንጂ ጠንቋይ አይደለም። ቁጥር ካልቀመሰ አይለፈልፍም።”

ሰልፉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ልጁ ስምንት ዜሮ በአንድ ጣቱ ደርድሮ ላከው። ተንኮል አልነበረም፤ መስኮት የደረሰ ሰው ሁሉ ማሽኑ ላይ ይግባ የሚል መመሪያ ስላለ ቁጥር የሌለውን ሰው የሚያስገባው በዜሮ ነበር። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

“ይኸው፣ ‘የለም’ ይላል። ሐሙስ ወረቀቱን ፈልገው ይዘው ይምጡ።”

“ባለፈው ሳምንትም ሐሙስ ብለኸኝ ነበር። ከዚያ በፊትም።”

“እንግዲያው ዓርብ ይሞክሩ፣ አባባ።”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ሲያጠልቁ ሴትዮዋ ከሦስተኛው መስኮት ጠሩዋቸው። “አባባ፣ ወደዚህ ብቅ ይበሉ። ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ ይንገሩኝ፤ ቀበሌዎንም።”

ጻፉና ላኩት። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቀረ። ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ።

“ስንት ባልዲ ደቅነዋል?” አሉ ሴትዮዋ እየጠበቁ።

“ሦስት ባልዲና አንድ ድስት። ድስቱን ወጥ ሲሠራ እናነሳዋለን፤ ያን ጊዜ አልጋው ይረጥባል።”

“አልጋውን አይገፉትም?”

“የት ልግፋው? ቤቱ እኮ አልጋውን ያህላል።”

በዘጠና አራተኛው ሰከንድ የሽማግሌው ማመልከቻ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ማመልከቻው የት እንደደረሰና ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ ከነገሯቸው በኋላ ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ ጽፈው ሰጧቸው። “ይህን ከመታወቂያዎ ጋር ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። ጣሪያ ሥር እንዳያስቀምጡት።”

እስከ ምሳ ድረስ እንደዚሁ ሆነ። ቁጥር የያዘ ሰው የትኛውም መስኮት ቢሄድ በሦስት በአራት ሰከንድ መልስ ያገኛል። ቁጥር የሌለው ከሌሎቹ መስኮቶች ተመልሶ ይሄዳል፤ ወይም ሴትዮዋ ይጠሩታል። እሳቸው ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ የእሳቸው አልነበረም። ፕሮግራሙ በስም ሲፈልግ ፋይሉን ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ አንድ በአንድ ያነባል፤ ይህን ከመመሪያው መጽሐፍ አውቀዋለሁ። “የመስኮቱ ፍጥነት” ብዬ በቻይና ቀለም የጻፍኩት የማሽኑን ፍጥነት ነበር።

ወደ ላይ ወጥቼ መዝገቡን ዘረጋሁ። የጠዋቱ ሽማግሌ ሁለቴ ተጽፈዋል፤ አንደኛው መስኮት ላይ በሦስት ሰከንድ፣ ሦስተኛው ላይ በዘጠና አራት። በየመስመሩ መጨረሻ አንዲት አኃዝ አለች፤ ዜሮ ከሆነች ተገኝቷል፣ አራት ከሆነች አልተገኘም ማለት ነው። ትርጉሟን ድሮም አውቀው ነበር። ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ስላጣሁላት ትቻታለሁ። ሽማግሌው ባለፉት ሳምንታት ከአንደኛው መስኮት በተመለሱ ቁጥር ለኮከቡ አንድ ፈጣን ጥያቄ ጨምረውለታል። ማመልከቻቸው የተገኘበት ቀን ደግሞ ለሴትዮዋ የተመዘገበው አንድ ዘገምተኛ ጥያቄ ነው።

አራት ቀን ሙሉ የሦስቱን ወር መዝገብ እንደገና ቆጠርኩ። የተገኘውን ካልተገኘው፣ በቁጥር የተፈለገውን በስም ከተፈለገው ለየሁ። እያንዳንዱን ገጽ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። ማመልከቻው የተገኘለት ሰው ብቻ ሲቆጠር ሦስተኛው መስኮት በሦስቱም ወር አንደኛ ነበር። ሁሉም መስኮት እኩል በሚሠራው ሥራ፣ በቁጥር ሲፈለግ ማለቴ ነው፣ ሰከንዱ ከአንደኛው መስኮት ጋር እኩል ነው።

ወረቀቱን ለኃላፊው ወሰድኩላቸው። ሰማያዊ ሳፋሪ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

“ያለፉት ሦስት ሪፖርቶች ስህተት ናቸው እያልከኝ ነው?”

“ድምሩ ልክ ነው፣ ጓድ ኃላፊ። ሦስተኛው ሰንጠረዥ ግን መደመር ያልነበረበትን ነገር ደምሯል።”

“እኮ ወደ በላይ ሄዷል! ኮከብ መርጠንበታል! አሁን ተመልሼ ተሳስተናል ስል አሻጥር ነው ቢሉኝስ?”

“እርስዎ አልተሳሳቱም። ሰንጠረዡን ማንም አላዘዘኝም፤ ርዕሱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማረሚያው ላይ ፈርሜአለሁ።”

የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠው ፊርማዬን አዩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ድምሩን ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋግጬዋለሁ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

“በስብሰባው ላይ አንተው ታነበዋለህ፤” አሉ በመጨረሻ። “ከተጠየቅህም አንተው ትመልሳለህ።”

ሰው ፊት ቆሜ አንብቤ አላውቅም። ሰኞ ዕለት ቆምኩና አነበብኩ። ሽማግሌው ላይ ስደርስ ማን እንደመለሳቸው አልተናገርኩም፤ “አንድ መስኮት” ብዬ አለፍኩት። ኮከቡ ግን ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ።

“ይቅርታ፣ ጓዶች። እኔ ኮከብ የሆንኩት ሰው በማባረር ነው ማለት ነው?”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። “በመመሪያው መሠረት ነው የሠራኸው፤” አልኩት። “መመሪያውን ሳላይ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።”

“አይ፣ ልክ ነው፤” አለ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ። “እትዬ፣ ያንን የስም ነገር ነገ ያሳዩኛል። ፎቶዬን ከሰሌዳው ሳያወርዱት እኔው ብወርድ ይሻለኛል።”

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና የዝውውሩ ጉዳይ ከአጀንዳ መውጣቱን ተናገሩ። በስም ለሚመጣ ሰው የሚያገለግል ማውጫ እንዲሠራም ለፕሮግራም ክፍል ታዘዘ፤ ክፍሉ ሥራው ወራት ይፈጃል ብሎ መለሰ።

በሚቀጥለው ወር በአምስተኛው ቀን እርሳሶቼን ቀረጽኩ። የሦስተኛው ሰንጠረዥ ርዕስ “የማሽኑ ምላሽ፣ በየመስኮቱ” ሆነ፤ “የተገኘ” እና “ያልተገኘ” የሚሉ ሁለት ዓምዶችም ገቡበት። የአንደኛው መስኮት ጥያቄዎች ቁጥር ቀነሰ፤ ሰከንዱም ጨመረ። በስም መፈለግ መጀመሩን ከሥር በአጭሩ ጻፍኩለት።

ሰሌዳው ላይ ስለጥፈው ሴትዮዋ ከምሳ ሲመለሱ ከኋላዬ ቆሙ።

“እኔ ስንት ሰከንድ ሆንኩ?”

“በስም ሲሆን? ዘጠና።”

“አልቀነስኩማ!”

“ያልቀነሰው ማሽኑ ነው፣ እትዬ።”

“እሱን ጽፈኸዋል?”

ከሰንጠረዡ ሥር “በስም ሲፈለግ የሚዘገየው ማሽኑ ነው” የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ቀረብ ብለው አነበቡትና ወደ መስኮታቸው ሄዱ። ሰልፉ በሩን አልፎ ነበር።